አንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ

ይድረስ ለተወደድሽው እህቴ፤ ደሴ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እናታችንስ እንደምን አሉ? ጉልበታቸውን ተሻላቸው ወይ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር አልሐምዱ ሊላህ ደህና ነኝ። የኡምራ ቪዛችሁ መውጣቱን፣ ከኮምቦልቻ ተነሥታችሁም በአዲስ አበባ በኩል ወደ ጅዳ እንደምትበሩ ስሰማ የተሰማኝን ደስታ በስልክ ነግሬሻለሁ። ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ግን በጥድፊያ ልነግርሽ ያልፈለግሁት ጉዳይ ስላለ ነው፤ እሱም በጉዞው ላይ የምታነሻቸውን ፎቶግራፎችና ቪዲዮዎች የሚመለከት ነው።

ባለፈው ደሴ በመጣሁ ጊዜ፣ የጦሳን ተራራ ጉም በሸፈነው በዚያ ምሽት፣ አባታችን አላህ ይዘንላቸውና ከቡናው በኋላ ድቤያቸውን አስጠግተው መንዙማ ሲሉ አርባ ደቂቃ ሙሉ በስልኬ ቀርጫቸው ነበር። ጎረቤቶቻችን ሲቀበሏቸው ይሰማ ነበር፤ አንቺም ዕጣን ስትጨምሪ እጅሽ ይታይ ነበር። በነጋው ለአንቺ ትንሽ ቁራጭ በቴሌግራም ላክሁልሽና ሙሉውን ኔትወርኩ ስለሚዘገይ ፍራንክፈርት ስደርስ እጭነዋለሁ ብዬ አቆየሁት። ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ቤቴ ስሄድ ባቡር ውስጥ የእጅ ቦርሳዬ ተሰረቀ። ስልኩ በውስጡ ነበር፤ ለጥንቃቄ ብዬ ቪዲዮውን የገለበጥሁበት ሜሞሪ ካርድም እዚያው ነበር። ሰባት ወር ሳይሞላ አባታችን ወደ አኼራ ሄዱ። ከዚያ ምሽት ዛሬ በእጃችን ያለው ያቺ አንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ብቻ ናት፤ እሷም ተጨምቃ ስለተላከች ፊታቸው ደብዝዟል።

ስለዚህ አደራ የምልሽ፣ ያነሣሽው ነገር ሁሉ ሳይውል ሳያድር፣ በዚያው ምሽት ከስልክሽ ውጭ ሌላ ቦታ እንዲቀመጥ ነው። ስልክሽ ላይ ፎቶና ቪዲዮ ኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጠው ጉግል ፎቶስ ስላለ ሆቴል ስትገቡ ዋይፋይ ከፍተሽ ባክአፕ፣ ማለትም ቅጂውን ወደ ኢንተርኔት መጫኑን፣ መጨረሱን አይተሽ ተኚ። ነገር ግን ጉግል በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ብቻ ነው፤ ኢሜይልሽም ከዚሁ ላይ ይቀነሳል። ፎርኬ (4K) በሚባለው ከፍተኛ ጥራት የተቀረጸ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ በአንዳንድ ስልክ 350 ሜጋባይት ያህል ስለሚፈጅ ቦታው አንድ ሰዓት ለማይሞላ ቪዲዮ እንኳ አይበቃም። ከመነሣትሽ በፊት የካሜራውን የቪዲዮ ጥራት ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ 1080 ወደሚለው ዝቅ አድርጊው፤ ለእናታችን ፊትና ድምፅ ከበቂ በላይ ነው።

ከኢንተርኔት ሌላ፣ ስልክ ላይ በቀጥታ የሚሰካ ባለ 128 ጊጋባይት ፍላሽ ከፒያሳ ግዢ፤ ገንዘቡን ልኬልሻለሁ። ዋጋው ከሌላው እጅግ የረከሰውን፣ በላዩ ላይ ትልቅ ቁጥር የተጻፈበትን አትመኚ። እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ የውሸት ነው፤ እውነተኛ ልኩ ሲሞላ የገባ እየመሰለ ይበላሻል። ከገለበጥሽ በኋላም ሁለት ሦስቱን ከፍላሹ ላይ ከፍተሽ ሳታዪ ከስልክሽ አንድም አታጥፊ። ፍላሹን እናታችን በእጃቸው በሚይዙት ቦርሳ አስቀምጪው፤ ስልኩ ባለበት ቦርሳም ሆነ በሚጫነው ሻንጣ አይሁን።

አንድ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ጉግል ፎቶስ ላይ የጫንሽውን ፎቶ እዚያው መተግበሪያ ውስጥ ገብተሽ ብትሰርዢው ከስልኩም ከኢንተርኔቱም ይጠፋል፤ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ የሚቆይልሽም 60 ቀን ብቻ ነው። ስልክሽ ቢሞላ በእጅሽ አትሰርዢ፤ እዚያው ያለውን ቦታ ማስለቀቂያ ተጠቀሚ፣ እሱ የሚያነሣው አስቀድሞ የተጫነውን ከስልኩ ላይ ብቻ ነው። በቴሌግራም ስትልኪልኝም እንደ ፎቶ ወይም እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል አድርገሽ ላኪ፤ እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል ሳይጨመቅ ያልፋል። እኔ ያን ጊዜ ይህን አላውቅም ነበር።

ስልክሽ እንኳ ቢጠፋ አካውንትሽ እንዳይዘጋብሽ፣ በማረጋገጫ ቁጥር ፈንታ የሚገቡትን፣ ጉግል የሚሰጥሽን 10 የመጠባበቂያ ኮዶች ከወዲሁ አውጥተሽ በወረቀት ጻፊያቸው። የአገር ቤት ሲም ካርድሽ እዚያ ላይሠራ ይችላል፤ ሲሙ ካልሠራ ደግሞ በአዲስ ስልክ ለመግባት ስትሞክሪ በመልእክት የሚላከው የማረጋገጫ ቁጥር አይደርስሽም። የእናታችንን አካውንትም አልፎ አልፎ ክፈቺው፤ ሁለት ዓመት ያልተነካ አካውንት ከነፎቶው ሊሰረዝ ይችላል።

በጥቅምት 2014 ከተማውን ለቅቃችሁ ስትወጡ አልበሙ ቁምሳጥን ውስጥ ቀርቶ የእናትና የአባታችን የሠርግ ፎቶ እንደጠፋ አንቺው ነሽ ያረዳሽኝ። ሌላ ቅጂ በማንም ቤት አልነበረም። ስለዚህ ስትመለሱ ፍላሹን ደሴ አታስቀሪው፤ በላዩ ያለውን ኮምፒውተር ላይ ገልብጠሽ ፍላሹን በሐረጎ ወርደሽ ኮምቦልቻ ለአክስታችን ስጫት። እሷ ቤት አንድ፣ እናንተ ቤት አንድ፣ ኢንተርኔት ላይ አንድ ይኖረናል ማለት ነው። በየዓመቱ አንድ ጊዜ አስመጥተሽ ኮምፒውተር ላይ ክፈቺው፤ ፍላሽ ለረጅም ዘመን ሳይነካ ከተቀመጠ የያዘው ነገር ሊጠፋ ይችላል።

ጠዋፍ ላይ፣ ካዕባን ስትዞሩ ሳላችሁ፣ ስልክ እንድታወጪ ግን አልሻም፤ ያ የዱዓ ሰዓት ነው። ይልቅስ ማታ ሆቴል ውስጥ፣ እናታችን ዐረፍ ብለው በወጉ ሲጫወቱ፣ ስለ ልጅነታቸውና ስለ አባታችን ጠይቂያቸውና ድምፃቸውን ቅጂልኝ።

የመጨረሻው ልመናዬ ከመነሣትሽ በፊት የሚሠራ ነው። ያቺ አንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ያለችው አንቺ ስልክ ላይ ብቻ ነው፤ በእኔ በኩል የነበረው የተላላክነው ሁሉ አዲስ ስልክ ይዤ በአዲስ ቁጥር ሌላ የቴሌግራም አካውንት ስከፍት ቀርቶብኛል። እባክሽ ዛሬውኑ ፍላሹ ላይ ገልብጫት፣ ለእኔም እንደ ፋይል ላኪልኝ። እንደደረሰችኝ ደውዬ እነግርሻለሁ።

እናታችንን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። በዱዓችሁ አትርሱኝ።

ወንድምሽ፤ ከፍራንክፈርት።