ከኮርያ የተመለሱት ወታደሮች ስም የት ይገኛል? ለወመዘክር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት (ወመዘክር)
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ኢትዮጵያ ለኮርያ ጦርነት ከላከችው ከቃኘው ሻለቃ በሕይወት የተመለሱ አባላት ስም፣ ሰነድና ቃል እንዲሰበሰብ ስለመጠየቅ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የአያቴን አርባ ካወጣን በኋላ፣ ከእሳቸው የቀረውን ሙዳይ ፊቴ አስቀምጬ መሆኑን አስቀድሜ ልግለጽ። አያቴ በ94 ዓመታቸው ነው ያረፉት። የክብር ዘበኛ ወታደር ነበሩ፤ በ1945 ዓ.ም. በሌተና ኮሎኔል ወልደ ዮሐንስ ሽታ ይመራ ከነበረው ሦስተኛው ቃኘው ሻለቃ ጋር ኮርያ ዘምተው፣ የተኩስ አቁሙ ሐምሌ 20 ቀን ከተፈረመ በኋላም አንድ ክረምት እዚያው በረዶ ውስጥ አሳልፈው ተመልሰዋል። ከዚያ በኋላ ሰባ ዓመት ያህል ኖሩ። የምጠይቀው ጉዳይ ስለዚህ ሰባ ዓመት ነው።

እኛ የልጅ ልጆቻቸው አያታችንን ያወቅናቸው በጦር ሜዳ ወሬ አልነበረም፤ በእግር እጥበት ነው። ማታ ማታ ከራት በፊት ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አስቀርበው፣ ጨው ጣል አድርገውበት፣ በዕድሜ ተራ እያስቀመጡ እግራችንን ያጥቡን ነበር። ካጠቡን በኋላ ጣቶቻችንን አንድ በአንድ እየከፈቱ በመሃላቸው እርጥበት አለመቅረቱን በፋኖስ ብርሃን ያዩ ነበር፤ መብራት ከገባ በኋላም ፋኖሱን አልተዉትም። እናቴ «አባባ፣ ልጆቹ እኮ ራሳቸው መታጠብ ይችላሉ» ስትላቸው፣ «እግር ማየት የአሥር አለቃ ሥራ ነው» ብለው ይቀጥላሉ። የዚህን ነገር ምንጭ የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ኮርያ ላይ በዚያ ክረምት የሥራቸው ግማሽ ማታ ማታ የወታደሮቻቸውን እግር መመርመርና እርጥብ ካልሲ ማስቀየር ነበር፤ ደረቁ ካልሲ እንዳይቀዘቅዝ ቀኑን ሙሉ ብብት ውስጥ ይያዝ ነበር አሉኝ። ጠዋት ለትምህርት ስንዘገይ ደግሞ «ፓሊ ፓሊ!» እያሉ ከበር ላይ ይቀሰቅሱን ነበር፤ ቃሉ የኮርያኖች «ቶሎ ቶሎ» መሆኑን ሳናውቅ የቤታችን ቋንቋ ሆኖ ቀረ።

ስለ ውጊያው ብዙ አይናገሩም ነበር። በግንቦት 1945 ዓ.ም. «ዮክ» እና «አንክል» በሚባሉት የፊት ምሽጎች ላይ ቻይናዎች በሌሊት ያደረጉትን ማጥቃት ቃኘው እንዴት እንደመከተው እኔ ያነበብሁት ከመጽሐፍ ነው። እሳቸው ያን ሌሊት አንሥተው የሚናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሳይነጋ የወደቀውን ሁሉ ተሸክሞ መመለስ እንደነበረባቸውና የተሸከሙት ሰው ከሳቸው በቁመት ይበልጥ ስለነበር እግሩ መሬት ይጎተት እንደነበር። ከቃኘው ሻለቃ አንድም ምርኮኛ አልተወሰደም ሲባል ሁላችንም በኩራት እንሰማለን። አያቴ ግን ይህ ሲነሣ ከንፈራቸውን ነክሰው ዝም ይሉ ነበር፤ እኔ በበኩሌ ኩራቱን ያመንሁት ከንግግሩ ይልቅ በዚያ ዝምታ ነው።

ወደ ሙዳዩ ልመለስ። ሙዳዩ የአያቴ ባለቤት፣ የእማማ ነበር፤ የጥጥ መያዣ ነው። ከጥጡ ሥር ሰማያዊና ነጭ ጥለት ያለው የተባበሩት መንግሥታት የኮርያ ሜዳልያ ነበር፤ ጽሑፉ በአማርኛ የሆነ። ይህ ሜዳልያ ለአገሮቹ በየቋንቋቸው ሲሠራ አማርኛም አንዱ ነበር። ከጥጥ ሥር የገባው ለጌጥ አይደለም። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሞክሮ ሲከሽፍ ክፍሉ ተበተነ፣ አያቴም ወደ ሌላ ጦር ተመደቡ። ከአብዮቱ በኋላ ደግሞ መንግሥት የፒዮንግያንግ፣ ማለት የሰሜን ኮርያ፣ ወዳጅ ሲሆን፣ በደቡቡ ወገን ተሰልፎ መዋጋት በአደባባይ የሚነገር ነገር መሆኑ ቀረ። እማማም ሜዳልያውን ጥጥ ውስጥ ከተተችው፤ አሥራ ሰባት ዓመት እዚያ ቆየ። የወጣው በ1983 ዓ.ም. ክረምት ሲሆን፣ አያቴ በመሐረብ ወልውለው ካዩት በኋላ ቦታውን ለምዷል ብለው መልሰው እዚያው አስቀመጡት።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን ሜዳልያው አይደለም፤ ከሥሩ ያገኘነው አንድ ፎቶግራፍ ነው። አምስት ወታደሮች በአሸዋ ከረጢት ላይ ተቀምጠዋል፤ አንዱ ሳቅ አምልጦት ፊቱ ደብዝዟል። ከጀርባው አምስት ስም በቀለም ተጽፎ ነበር፤ ውሃ ነክቶት ቀለሙ ስለፈሰሰ ከአያቴ ስም በቀር የሚነበብ የለም። ከማረፋቸው ሁለት ዓመት በፊት በማጉያ መነጽር እያየን ስማቸውን ጠየቅኋቸው። ሦስቱን ከነአባታቸውና ከነትውልድ ቀዬአቸው ነገሩኝ፣ ጻፍሁ። የሚስቀውን ግን «የሰላሌው ልጅ» ከማለት በቀር ስሙን ሊያመጡት አልቻሉም። ሦስት ቀን ሙሉ ሲያስቡ ከረሙ፤ ሌሊት ተነሥተው «አሁን መጣልኝ» ብለው ቀሰቀሱኝና የተናገሩት ስም የሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ። በሳቸው ዘንድ ስሙ ጠፍቶ ሄደ።

የዚያን ልጅ ስም የት እፈልግ? ከሞቱት ወገን ቢሆን ፍለጋው ባልከበደኝ ነበር። ከ120 በላይ የሚሆኑት የወደቁ ወታደሮች አስከሬናቸው ወደ አገራቸው ተመልሶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አርፏል፤ አፍንጮ በር መታሰቢያ አላቸው፤ በኮርያም ቹንቾን ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1960 ዓ.ም. የተገኙበት ሐውልት ቆሞላቸዋል። የሚገባ ክብር ነው። ነገር ግን የሰላሌው ልጅ በጦርነቱ አልሞተም፤ አያቴ ጅቡቲ ድረስ አብረው በመርከብ እንደተመለሱ እርግጠኛ ነበሩ። ተመልሶ፣ ምናልባት አግብቶ፣ ወልዶ፣ የአንዱን ሰፈር ልጆች እየሳቀ አሳድጎ ያረፈ ሰው ነው። በሕይወት የተመለሰውን ሰው ስም ማንኛውም ዜጋ ገልጦ የሚያይበትን መዝገብ ፈልጌ አላገኘሁም። ቁጥሩ እንኳ እንደ አቆጣጠሩ ይለያያል፤ በእኛ ዘንድ የተለመደው 6,037 ሲሆን በኮርያ በኩል 3,518 ተብሎ ይጠቀሳል፤ የመጀመሪያው ቁጥር ከተኩስ አቁሙ በኋላ የሄዱትንም ስለሚጨምር ነው። ከቁጥሩ በስተጀርባ ግን ስም አለ፤ እያንዳንዱ ወታደር ሲዘምት ተመዝግቦ፣ ደመወዙ ተቆጥሮ፣ መርከብ ላይ በስም ጥሪ ወጥቷል።

የአያቴን አገልግሎት ለማረጋገጥ ስሙን ማንሣት ወደማያስፈልገኝ አንድ ቢሮ በሄድሁ ጊዜ፣ ጨዋ የሆነ ወጣት ሠራተኛ የፋይል ቁጥር ጠየቀኝ፤ የለኝም ስለው «እንግዲያውስ በምን እንፈልጋቸው?» አለኝ። አልተቀየምሁትም። በስም የሚፈለግበት ነገር አልተሰጠውም። ሜዳልያውን ባሳየው እንኳ የማን እንደሆነ አይናገርም፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬን ለእናንተ አቀርባለሁ። አያቴ መሥሪያ ቤታችሁን እስከ መጨረሻው ወመዘክር እያሉ ነው የሚጠሩት፤ በ1936 ዓ.ም. ሲቋቋም ጀምሮ የሰሙት ስም ነውና። በአዋጅ ቁጥር 179/1991 የአገሪቱን መዛግብት የማሰባሰብና የመጠበቅ ኃላፊነት ተሰጥቷችኋል። የጦሩ መዝገብ በያለበት ተፈልጎ፣ ከአምስቱም ዙር የቃኘው ሻለቆች የዘመተው ሰው ሁሉ ስም በፊደል ተራ ተዘጋጅቶ ሕዝብ እንዲያየው እንዲሆን እለምናለሁ። መዝገቡ ጎደሎ ቢሆን ጎደሎውን አውጡት፤ የጎደለውን ቤተሰብ ይሞላዋል። በየቤቱ የቀሩ የስንብት ወረቀቶች፣ ደብዳቤዎችና ፎቶግራፎች ብዙ ናቸው፤ ባለቤቶቻቸው ዋናውን መስጠት ይፈሩ ይሆናል፣ እኛም ፈርተናል፤ ስለዚህ ቅጂ ተወስዶ ዋናው እዚያው ፊት ለፊት የሚመለስበት ቀን ቢቆረጥና በሬዲዮ ቢነገር ሰው ይመጣል። ከሁሉ የሚቸኩለው ግን በሕይወት ያሉትን አባቶች ቃል መቅዳት ነው። የመጨረሻዎቹ ዘማቾች ዘጠናን አልፈዋል። አንድ ሰው የመቅጃ ስልክ ይዞ፣ ፎቶግራፋቸውን ፊታቸው ዘርግቶ «ይሄ ማነው? ያኛውስ?» እያለ ቢጠይቃቸው ይበቃል፤ ታላቅ መሣሪያ አያስፈልገውም። እኔ ይህን ያደረግሁት ዘግይቼ ነው፤ ሦስት ስም አተረፍሁ፣ አንዱ አመለጠኝ።

ይህ ሁሉ የሚጠይቀውን የሰው ኃይልና ገንዘብ አላጣሁትም፤ መሥሪያ ቤታችሁ ከብራና እስከ ጋዜጣ ስንት ነገር እንደሚጠብቅ ንባብ ክፍላችሁ ውስጥ ብዙ ቀን ውዬ አይቻለሁ። ለዚህም ነው በልመና ብቻ የማላበቃው። ቤተሰባችን ተመካክሮ የአያታችንን ሜዳልያ ፎቶ፣ የስንብት ወረቀታቸውን፣ አምስቱ ወታደሮች ያሉበትን ፎቶግራፍና ሦስቱን ስሞች የጻፍሁበትን ደብተር ለቅጂ ለመስጠት ተስማምቷል። በፈቀዳችሁት የሥራ ቀን ይዤ እቀርባለሁ። በዚያው ቀን ከተፈቀደልኝ፣ የሦስተኛው ቃኘው መዝገብ በእጃችሁ ያለ እንደሆነ፣ ከሰላሌ የመጡትን ስሞች ተራ በተራ ማንበብ እፈልጋለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
የአንድ ሦስተኛ ቃኘው ዘማች የልጅ ልጅ
አዲስ አበባ