«ዋስ ጥራ» ላላላችሁኝ እናቶቼ

ለስድስት ኪሎ የማዘር ትሬዛ ቤት ሲስተሮች፣

ይህችን ደብዳቤ በእጄ ይዤ መጥቼ ለአንዲት ሲስተር ልሰጣቸው ነበር የምመኘው። እሳቸው ግን ከአዲስ አበባ ከሄዱ ቆዩ። ሥርዓታችሁ እንዲህ ነው፤ ዛሬ ስድስት ኪሎ ቁስል ያጠበች እህት ነገ ሌላ አገር የሌላ ሰው ቁስል ታጥባለች፤ አድራሻ ትታ አትሄድም። ስለዚህ ምስጋናዬን በአደባባይ ለሁላችሁም አቀርባለሁ። ከእናንተ መካከል ያሉበትን የምታውቅ ካለች ታድርስልኝ። ስማቸውን አልጠራም፤ ስማቸው ሲጠራ እንደማይወዱ አውቃለሁ።

በ2005 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ 19 ዓመቴ ነበር። ከወልድያ አካባቢ ከገጠር መጥቼ አዲስ አበባ ሕንፃ ላይ የቀን ሥራ ከያዝኩ ሁለት ወር አልሞላኝም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብሎኬት ሳቀብል የቆምኩበት የባሕር ዛፍ ርብራብ ከዳኝ። ቀኝ እግሬ ከጉልበቴ በታች ሁለት ቦታ ተሰበረ፤ አንደኛው አጥንት ቆዳዬን ቀዶ ወጣ። አሠሪያችን ለታክሲ የሚሆን ብር ሰጥቶ ከዚያ በኋላ ስልኩን አላነሣም። የሥራ ጓደኞቼ ያላቸውን አዋጥተው ወጌሻ ዘንድ ወሰዱኝ። እግሬ በቀርከሃ ታሰረ። ሳምንት ሳይሞላው ማበጥና መሽተት ጀመረ። ሆስፒታል ገብቼ ቁስሉ ተጠረገ፣ ጀሶ ተደረገልኝ፣ አጥንቱ ገና መግል ስላለበት ተመልሼ እንድመጣ ቀጠሮ ተሰጠኝ። ከዚያ አልጋው ለሌላ በሽተኛ ይፈለጋል ተባለ። «አስታማሚህ ማነው?» ብለው ጠየቁኝ። አስታማሚ አልነበረኝም።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ልናገር። ከተማ ላይ ድኻ ሆኖ መታመም ማለት ሲጠየቁ መዋል ነው። መታወቂያ አምጣ። የነፃ ሕክምና ወረቀት ከቀበሌህ አጽፈህ አምጣ። ቀበሌዬ ወሎ ነው ስትል ከዚያ አምጣ። ለማደሪያ ዋስ ጥራ። ጠያቂዎቹ ክፉዎች ናቸው ለማለት አይደለም፤ ሥራቸው ነው። እኔ ግን በዚያ ሰሞን ሰው ሳይ እጄ ሳላዝዘው ኪሴ ይገባ ነበር፤ ወረቀቴን ፍለጋ።

ሁለት ጓደኞቼ በብርድ ልብስ ተሸክመው ስድስት ኪሎ በራችሁ ላይ ያስቀመጡኝ ጠዋት ነው። ዘበኛው ወደ ውስጥ ተጣራ። እኒያ ሲስተር ወጡ። ሰማያዊ ጥለት ያለው ነጭ ልብሳቸውን ሳይ፣ በትኩሳቱ ውስጥ ሆኜ፣ የእናቴ ነጠላ መሰለኝ። ኪሴን እየበረበርኩ ሳለ አጠገቤ በርከክ አሉ። ጓደኞቼ እንኳ ፊታቸውን ያዞሩለትን እግር በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ብርሃን አዞሩት። ከዚያ ቀና ብለው አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፦ «ስምህ ማነው?»

ሌላ ጥያቄ አልነበረም። ከየት መጣህ የለም፣ ሃይማኖትህ ምንድን ነው የለም፣ ማን ይከፍልልሃል የለም። ስሜን ነገርኳቸው፤ ደግመው ጠሩት፤ ገባሁ። ወረቀቴ እስከ ማታ ድረስ በእጄ ውስጥ እንደተጨበጠ ነበር፤ ማንም አልተቀበለኝም።

በዚያ ቀን ገላዬን አጠባችሁኝ። ከሁሉ በላይ የማመሰግናችሁ ለዚህ ነው ብል መድኃኒቱን ማሳነሴ አይደለም። ለብ ያለ ውኃ በባልዲ መጣ። ፀጉሬ ውስጥ ሲሚንቶ ደርቆ ነበር፤ በጣታቸው እየፈለፈሉ አወጡት። ጀርባዬን፣ ብብቴን፣ የእግሬን ጣቶች መካከል ሁሉ በሳሙና አጠቡ። ሕፃን ሆኜ እናቴ ካጠበችኝ ወዲህ ሌላ ሰው ገላዬን ነክቶት አያውቅም፤ ያን ጊዜ ደግሞ እኔም ራሴን ጠልቼው ነበር። አለቀስኩ። ሲስተር አሞኝ መስሏቸው እጃቸውን አቆሙ። «አይዞህ» የምትለውን ቃል በደንብ ያውቋታል፤ ደጋግመው አሏት። ከዚያ ማጠባቸውን ቀጠሉ።

ሰባት ወር ተቀመጥኩ። ቁስሌ በየጠዋቱ ይታጠብና ጎዝ ይደረግበት ነበር። በቀጠሮዬ ቀን በእናንተ መኪና ሆስፒታል እሄዳለሁ፤ አጥንቱ ሁለት ጊዜ ተፋቀ፤ ስወጣ አስታማሚዬ ማን እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም፤ እናንተ በሩ ላይ ቆማችኋል። ሲስተር ከሕንድ ነበሩ፤ አማርኛቸው ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» የሚል ነው። ክራንች ይዤ የመጀመሪያዋን እርምጃ የተራመድኩ ቀን ከክፍሉ ጫፍ ሆነው «አንቺ ጎበዝ!» አሉኝ። ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ። መነሣት የማይችሉት አልጋቸውን በመዳፋቸው እየመቱ።

ሁዳዴ ሲገባ ጾሜን ያዝኩ። ቁስል ያለበት ሰው እንቁላልና ወተት እንዲያገኝ ታዝዞልኛል፤ እኔ ደግሞ እንቢ አልኩ። የካቶሊክ ቤት ስለሆነ ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ሲስተር ምሳዬን መልሰው ወሰዱና ምስርና ኦቾሎኒ ይዘው መጡ። በማግሥቱም እንዲሁ። እስከ ፋሲካ እንዲሁ።

ከጎኔ ያለው አልጋ ላይ አንድ አባት ነበሩ። ሙስሊም ናቸው፤ እንደኔ ወሎዬ፣ ከቃሉ በኩል። ጉበታቸው ታሞ ነው የመጡት፤ ሐኪም ተስፋ ቆርጦባቸዋል። ሌሊት ሌሊት ውኃ በማንኪያ ያጠጧቸው ሲስተር ጠዋት ደግሞ ወለል ሲወለውሉ አያቸዋለሁ። አንድ ዓርብ ንጋት ላይ ዐረፉ። ብቻቸውን አልሞቱም፤ እጃቸው በሲስተር እጅ ውስጥ ነበር። ከመስጊድ ሰዎች ተጠርተው መጡ፤ በሥርዓታቸው አጥበው ገንዘው ወሰዷቸው። ሲስተር በሩ ድረስ ሸኙ። በኋላ ሳነብ ማዘር ትሬዛ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1952 ካልካታ ላይ የመጀመሪያውን የሚሞቱ ሰዎች ቤት ሲከፍቱም ሰው ሁሉ በየእምነቱ እንዲሸኝ ያደርጉ እንደነበር አወቅሁ። እኔ ግን ከመጽሐፍ አይደለም የተማርኩት፤ ከአጠገቤ አልጋ ነው።

አያቴ የ66ቱን ክፉ ቀን ስታወራ እያደግሁ ነው የኖርኩት። የወሎ ሰው በየመንገዱ የወደቀበት ያ ጊዜ። እናንተ ወደዚህ አገር የመጣችሁት በዚያው ወራት መሆኑን የነገረኝ የጸሎት ቤቱን የሚያጸዳ አንድ አሮጌ ሠራተኛ ነው። ማዘር ትሬዛ እንደ ፈረንጆቹ በ1973 መጥተው ንጉሠ ነገሥቱ ፊት ቀርበው የጠየቁት ገንዘብ አልነበረም፤ እህቶቻቸው ከድኾች ሁሉ ድኻ የሆኑትን በነፃ እንዲያገለግሉ ፈቃድ ብቻ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ዘውዱ ወረደ። አብዮት መጣ፣ ቀይ ሽብር መጣ፣ የ77ቱ ረሃብ መጣ፤ በዚያ ጊዜም ማዘር ራሳቸው ተመልሰው መጡ። ከዚያም መንግሥት ተለወጠ፣ ኤችአይቪ አገሩን አዳረሰ፤ ዘመድ ልጅ መንካት በፈራበት በዚያ ጊዜ አስኮ ላይ ወላጅ የሌላቸውን ሕፃናት አቀፋችሁ። ጅማ፣ ድሬዳዋ፣ መቀሌ ቤት አላችሁ። ሌሎች መነኮሳት ሦስት ስእለት ሲሳሉ እናንተ አራተኛ አላችሁ፦ ለድኾች በሙሉ ልብ በነፃ ማገልገል። ይህን ቃል ስሰማ የሲስተር ጉልበት ትዝ ይለኛል፤ በሩ ላይ አፈር የነካው።

ጸሎት ቤታችሁ ውስጥ ከመስቀሉ አጠገብ አንድ ቃል ተጽፏል፤ «ተጠማሁ» የሚል። በክራንች እየሄድኩ በመስኮት አየው ነበር። የጌታችን ቃል መሆኑን አውቃለሁ። ሆኖም እዚያ ግቢ ውስጥ ሳነበው ከየአልጋው የሚሰማውን ድምፅ ሁሉ ይመስለኝ ነበር።

ምስጋናዬ የሚደርሳቸው ሌሎችም አሉ። የደም ልብስ በእጃቸው የሚያጥቡት እናቶች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጎረቤት ዩኒቨርሲቲ እየመጡ ጢማችንን የላጩን ተማሪዎች። የአባታቸውን ተዝካር፣ የልጃቸውን ክርስትና ከእኛ ጋር የበሉ፣ ድፎ ዳቦ ተሸክመው የመጡ የማላውቃቸው ሰዎች። ጀርባቸው የጎበጠ ሕፃናት ግቢው ውስጥ ሲጫወቱ አይቻለሁ። ለረጅም ዓመታት በዚያ ግቢ ሕሙማን ያዩት ዶክተር ሪክ ሆድስ እንዲህ ያሉ ልጆችን ለአከርካሪ ቀዶ ሕክምና እስከ ጋና ድረስ ሲልኩ ኖረዋል። አይሁዳዊ ሐኪም፣ ካቶሊክ መነኮሳት፣ ኦርቶዶክስና ሙስሊም በሽተኛ። ይህ ሁሉ በአንድ አጥር ውስጥ ሲሆን «ያንተ ከየትኛው ነው?» ያለ ሰው አልሰማሁም።

በ2007 ዓ.ም. ልጠይቃችሁ ስመጣ ሲስተር ተዛውረዋል ተባልኩ። የካቲት 25 ቀን 2008 ደግሞ ያን ዜና ሰማሁ። የመን፣ ኤደን ከተማ፣ የአረጋውያን ቤታችሁ ውስጥ ታጣቂዎች ገብተው 16 ሰው ገደሉ። አራቱ የእናንተ እህቶች ናቸው፤ ሽማግሌዎቹን ቁርስ ሲያበሉ ነው የደረሱባቸው። ከሞቱት ውስጥ አብረዋቸው የሚያገለግሉ ኢትዮጵያውያንም ነበሩ። ሬዲዮው ከአራቱ አንዷ ሕንዳዊት ናት ሲል እጄ ላይ ያለው መጋዝ ወደቀ። ሥራዬን ጥዬ ስድስት ኪሎ መጣሁ። በሩን የከፈቱልኝ ሲስተር ዓይናቸው አብጦ ነበር። የእኔ ሲስተር እንዳልሆኑ፣ በሕይወት እንዳሉ ነገሩኝ። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ በደስታዬ አፈርኩ፤ የሞቱትም የአንድ ሰው ሲስተር ናቸውና። ስለ እነዚያ አራት እህቶችና አብረዋቸው ስለወደቁት ወገኖቻችን ዛሬም በጸሎቴ ስማቸውን ሳላውቅ አነሣቸዋለሁ። በዚያው ዓመት ነሐሴ 29 ቀን ማዘር ሮም ላይ ቅድስት ተብለው ሲታወጁ እናንተ ቤት ሥራው እንደ ወትሮው ነበር፤ መጥቼ አይቻለሁ፤ አንዲት እህት በረንዳ ላይ የአንድ ሽማግሌ ጥፍር ትቆርጥ ነበር።

እኔ አሁን አናጢ ነኝ። ፎቅ ላይ መውጣት ትቼ መሬት ላይ አልጋና ቁም ሣጥን እሠራለሁ። ቀኝ እግሬ ከግራው ትንሽ ያጥራል፤ ግን ያቆመኛል፤ ልጄን ትከሻዬ ላይ አድርጌ እሄድበታለሁ። የመጀመሪያውን ደህና ገቢዬን ይዤ የመጣሁ ቀን ተረኛዋ ሲስተር ብሩን ተቀብለው አመሰገኑኝ፤ ቀጥለውም ጊዜ ካለህ ወንዶቹ ክፍል ግባና ምሳ አብላ አሉኝ። ያን ዕለት አንድ እጁ የማይታዘዝለት ልጅ አበላሁ። ስሙን ጠየቅሁት። ሌላ ነገር አልጠየቅሁትም። ከዚያ ወዲህ ወር በገባ የመጀመሪያው ቅዳሜ እመጣለሁ፤ የተሰበረ የአልጋ እግር እጠግናለሁ፣ ክራንች በየቁመታቸው እቆርጣለሁ። ታውቁኛላችሁ።

ሲስተር፣ ይህ ደብዳቤ ያሉበት አገር ከደረሰ አንድ ሰው ያንብብልዎት። ከመስኮቱ ሦስተኛው አልጋ ላይ የነበርኩት ነኝ፤ ፀጉሬ ውስጥ ሲሚንቶ የደረቀብኝ። ባለፈው ጥር ለቃና ዘገሊላ ከቤተሰቤ ጋር ታቦት ሸኘሁ፤ ከጃን ሜዳ እስከ ስድስት ኪሎ በእግሬ። በራችሁ ጋ ስንደርስ ለልጄ አሳየኋት። ለመሄድ የሰነፈች ቀን እኔም «አንቺ ጎበዝ» እላታለሁ፤ ለእሷ እንኳ ትክክል ነው።