ለቅዳሜ፦ የአፋልጉኝ ታሪክ ጻፉ

ሰላም ለሁላችሁ፣ የጽሑፍ ቡድናችን አባላት!

በአሜሪካ የባርነት ዘመን ስለኖሩ ቤተሰቦች የጻፋችኋቸውን ረቂቆች አነበብኳቸው። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ጅራፉና የጥጥ እርሻው ሞልቷል፣ ቤተሰቡ ግን የለም።

እስቲ በሌላ በር እንግባ። እ.ኤ.አ. በ1865 ባርነት በሕግ ሲቀር ብዙዎች ዘመድ ፍለጋ ተነሡ። ከዚያ በፊት በነበሩት አሥርት ዓመታት ከቨርጂኒያና ከሜሪላንድ አካባቢ ወደ ሉዊዚያናና ሚሲሲፒ መሰል ግዛቶች ወደ 1 ሚሊዮን ሰው ተሸጧል ወይም ተግዟል። እናት እዚህ፣ ልጅ እዚያ። ፊላደልፊያ ይታተም በነበረው «ክርስቲያን ሪከርደር» ጋዜጣ ላይ አፋልጉኝ ያሳትሙ ነበር። በቤተ ክርስቲያን የተነበበም አለ። ማስታወቂያው አጭር ነው፦ የእናት ስም፣ የተለያዩበት ከተማ፣ የጌታው ስም። የጌታው ስም ምን ያደርጋል አትሉም? ብዙዎቹ ሌላ መለያ አድራሻ አልነበራቸውማ! እኔ እዚህ ላይ ነው ቆሜ የቀረሁት።

ስለዚህ አንድ ገጽ ብቻ። ወይ ማስታወቂያውን የምታስጽፈው እናት፣ ወይ ከ20 ዓመት በኋላ ስሟ ሲነበብ የሰማ ልጅ። ልጁ ስሙን ቀይሮ ሊሆን እንደሚችል አትርሱ። ጅራፍ ክልክል ነው።

እስከ ዓርብ ማታ ላኩልኝ። ቡናው በእኔ ነው።