ያልተኛሁትን እንቅልፍ ከደሞዜ ቆረጡት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ክረምት በረዶ ዝግጅት ያወጣችሁትን አነበብኩ። ጨው ግዙ፣ ባትሪ ግዙ፣ ውሃ አስቀምጡ፣ ከቤት አትውጡ ይላል። ደግ ምክር ነው። ግን ጋዜጣችሁን ከምናነበው ሰዎች ስንቶቻችን ሲኤንኤ፣ ማለትም ሰርተፊኬት ያለን ረዳት ነርሶች፣ እንደሆንን ታውቃላችሁ? እኛ ከቤት አንወጣም ካልን እነዚያን አዛውንቶች ማን ያገላብጣቸዋል?

ሜሪላንድ ውስጥ ናርሲንግ ሆም (የአዛውንቶች መንከባከቢያ) መሥራት ከጀመርኩ 19 ዓመቴ ነው። ብዙ በረዶ አይቻለሁ። በፈረንጆች ጥር 2016 የጣለውን ግን እዚህ የነበረ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ዓርብ ከሰዓት ጀመረ። ዋሽንግተን አጠገብ ባለው ደለስ (Dulles) ኤርፖርት ላይ ከ29 ኢንች በላይ ተለካ። የሜትሮ አውቶቡስ ዓርብ በሀበሻ ሰዓት ከቀኑ 11 ላይ ቆመ፣ ባቡሩም በዚያው ምሽት ተዘጋ። ቅዳሜና እሁድ ሁለቱም አልነበሩም።

እኔ ዓርብ በዚሁ በሀበሻ ሰዓት ከቀኑ 9 ላይ ገባሁ። ልጄ «እማዬ፣ ዛሬ እንኳን ቅሪ» ብላኝ ነበር። «ከምሽቱ 5 ሰዓት ስወጣ እደውላለሁ» ብያት ሄድኩ። የወጣሁት እሁድ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው።

ለሌሊቱ ሺፍት ከሚመጡት አራት ሰዎች አንዷ ብቻ ደረሰች። እሷም ባሏ ታክሲ ነጂ ስለሆነ ነው፤ ግማሹን መንገድ አድርሷት ግማሹን በእግሯ መጣች። ሱፐርቫይዘሯ በሩ ላይ ቆማ «ማንም አይወጣም፤ ጥሎ የሄደ ሰርተፊኬቱን ያጣል» አለችን። ድሮም አልሄድም ነበር። 38 ሰው ጥዬ የት እሄዳለሁ? ማስፈራሪያው ግን እስከዛሬ ያናድደኛል።

ለ38 ሰው ሁለት ሆንን። ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሰው በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጠ ገላው ይቆስላል። እኛ የመጨረሻውን ክፍል ስንጨርስ የመጀመሪያው ሰዓቱ አልፎበት ይጠብቀናል። ላውንደሪ የሚሠራ ሰው ስላልመጣ ቅዳሜ ጠዋት አንሶላ አለቀ። ወጥ ቤት አንድ ሰው ብቻ ነበረ፤ ምሳ ሳንድዊች ሠራ። ምግብ ተፈጭቶ የሚሰጣቸው አሉ እኮ! ሳንድዊች ብትሰጣቸው ትን ይላቸዋል። መፍጫውን ፈልጌ ያገኘሁት እኔ፣ ዶሮውን በሾርባ የፈጨሁትም እኔ ነኝ።

አንዲት የ91 ዓመት እናት በመስኮት በረዶውን እያየች «ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ እናቴ ትጠብቀኛለች፣ ኮቴን ስጪኝ» ትለኛለች። አሥር ጊዜ። ከእኔ ይልቅ ቤቷ መሄድ የቸኮለችው እሷ ነበረች።

እንቅልፉን ከጠየቃችሁኝ፣ መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ሁለት ወንበር ገጥሜ፣ ካፖርቴን ለብሼ ጋደም አልኩ። ገና ዓይኔን ስከድን ደወል ይጮኻል። በሁለቱ ሌሊት ተደምሮ አራት ሰዓት አይሞላም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቼኩ መጣ። 48 ሰዓት ሕንፃው ውስጥ ነበርኩ፤ የተጻፈልኝ 32 ነው። 16ቱ «የእንቅልፍ ሰዓት» ነው ተባልኩ። ከዚያ ለሁላችንም ፒዛ መጣ። «ጀግኖቻችን» የሚል ወረቀትም ግድግዳ ላይ ተለጠፈ።

ዝም አልኩ። ሕጉን አላውቀውማ። ያወቅኩት ከአራት ዓመት በኋላ ነው። በፌዴራሉ ሕግ 24 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሥራ ላይ የዋለ ሰው እስከ 8 ሰዓት የእንቅልፍ ሊቀነስበት የሚችለው አስቀድሞ ከተስማማና በቂ መኝታ ከተሰጠው ነው። ተኝቶ ተቀስቅሶ የሠራው ይከፈለዋል። ቢያንስ 5 ሰዓት መተኛት ካልቻለ ደግሞ ሙሉው ሰዓት የሥራ ሰዓት ነው። እኔ የተስማማሁት ነገር የለም፤ መኝታዬም ወንበር ነበር። ታዲያ ለክስ ያለው ጊዜ 2 ዓመት፣ አሠሪው ሆን ብሎ ካደረገው 3 ዓመት ነው። አለፈኝ።

ከፈረንጆች ኅዳር 2017 ጀምሮ የመንግሥትን የጤና መድን፣ ሜዲኬር ወይም ሜዲኬይድ፣ የሚቀበል ናርሲንግ ሆም ሁሉ የአደጋ ጊዜ ዕቅድ ሊኖረው ግድ ነው። ምግብና ውሃ ለነዋሪው ብቻ ሳይሆን ለሠራተኛውም እንዲዘጋጅ ይላል። ሰው ሲጎድል ምን እንደሚደረግም መጻፍ አለበት። ልምምድም በዓመት ሁለት ጊዜ አለ። እኔ ያየሁት ልምምድ ግን ረፋድ ላይ ነው የሚደረገው፤ ፓርኪንጉ ሞልቶ፣ የቢሮው ሰው ሁሉ እያለ። እኛ የማታዎቹ ስንገባ «እዚህ ጋ ፈርሚ» ነው። በረዶ የቢሮ ሰዓት ጠብቆ ይጥላል እንዴ?

በዚያው በ2017 ፍሎሪዳ ላይ ኢርማ ከተባለው አውሎ ነፋስ (ኸሪኬን) በኋላ የአንድ ናርሲንግ ሆም አየር ማቀዝቀዣ ጠፍቶ 12 ሰው ሞተ። ያውም ሆስፒታል ከመንገዱ ማዶ እያለ። ከዚያ በኋላ ግዛቱ ጄኔሬተር፣ ያውም ለ96 ሰዓት የሚበቃ፣ ግዴታ አደረገ። ጥሩ አደረገ። ጄኔሬተሩ ግን ሰው አያገላብጥም።

ከባድ ነገር አልጠየቅኩም። አውሎ ነፋስ በለመደባቸው የደቡብ ግዛቶች ሆስፒታሎች ሠራተኛውን ለሁለት ይከፍሉታል፤ አንዱ ቡድን በአደጋው ጊዜ ያድራል፣ ሌላው ሲያልፍ ገብቶ ይተካዋል። ማን በየትኛው እንዳለ አስቀድሞ ይታወቃል። የ2016ቱም በረዶ እንደሚመጣ ከቀናት በፊት ተነግሮ ነበር። ማን በእግሩ መድረስ ይችላል፣ ማን ሕፃን ልጅ አለው፣ ማንን በመኪና ማምጣት ያስፈልጋል ብሎ መጠየቅ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ሁለት ባዶ ክፍል፣ ጥቂት ታጣፊ አልጋ። የእንቅልፉንም ሂሳብ በረዶው ሳይጥል በፊት ይንገሩን።

እህት ወንድሞቼ ሲኤንኤዎች፣ እናንተም የገባችሁበትን፣ የተቀሰቀሳችሁበትን፣ የወጣችሁበትን ሰዓት በእጃችሁ ጻፉ። በሰዓት መቆጣጠሪያው ማሽን ብቻ አትተማመኑ። የእኔ ክረምት ቦርሳ አሁን ከኅዳር ጀምሮ መኪናዬ ውስጥ ነው፦ ድርቆሽ፣ የደም ግፊት ኪኒኔ፣ ሁለት ካልሲ፣ አንድ ደብተር፣ አንድ እስክሪብቶ።

አሁንም እዚሁ ሥራ ላይ ስላለሁ እባካችሁ ስሜን አታውጡት።

አንባቢያችሁ
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ