ስልክ ላይ ያለው ሐኪም

ልጄ፣ ሰላም ነሽ ወይ? እሁድ ስልኩን ከዘጋሽው በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያ ሐኪም በሌሊት ደውሎ ያዘዘሽን መድኃኒት "ይድገሙልኝ" ስላልሽው ጮኸብሽ አይደል? "ከእንግዲህ የተባልኩትን ብቻ ነው የማደርገው" አልሽኝ። ዝም ያልኩሽ ይቺን ነገር እኔም ለዓመታት ስላልኳት ነው።

ለእናትሽ እንኳ በደንብ ያልነገርኳት ጉድ አለኝ። ንብረት ክፍል ስሠራ አለቃዬ ያልገባ ዕቃ ገብቷል ብዬ ሞዴል 19 የሚባለውን የዕቃ ገቢ ደረሰኝ እንድቆርጥ አዘዘኝ። "ዕቃው መንገድ ላይ ነው፣ ነገ ይገባል፣ ኃላፊነቱ የእኔ" አለ። ቆረጥኩ። ዕቃው ግን አልገባም። ኦዲተር ሲመጣ አለቃዬ ተዛውሮ ሄዷል፤ ወረቀቱ ላይ ያለው የእኔ ፊርማ ብቻ ነው። ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ከውጭ ታሳድራለች ማለት እኔ ነኝ። ከደመወዜ እየተቆረጠ ከፈልኩ፤ ከገንዘቡ በላይ ግን "ምን ዓይነት ፈሪ ነኝ" እያልኩ ራሴን ስረግም ኖርኩ።

ስለ ስታንሊ ሚልግራም ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው (ስሙ ከመድኃኒት መለኪያሽ ጋር ሲመሳሰል አትሳቂ፣ ሰውዬው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነበር)። በፈረንጆቹ 1961 አሜሪካ፣ ዬል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተራ ሰዎችን በትንሽ ክፍያ ጠራ። ሥራቸው ሌላ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው መልስ በሳተ ቁጥር ኤሌክትሪክ ማስነዘር ነው፤ በየስህተቱ 15 ቮልት እየጨመሩ እስከ 450። ሰውዬው አስመሳይ ነው፣ ምንም አይነዝረውም፤ እነሱ ግን ይህን አያውቁም። 300 ላይ ሲደርሱ ግድግዳ ሲደበድብ ይሰማሉ፣ ከዚያ ጭራሽ ድምፁ ይጠፋል። ማቆም ሲፈልጉ ጋዋን የለበሰው ሰው "እባክህ ቀጥል" ይላቸዋል። ዱላ የለ፣ እስር የለ። ከ40ው 26ቱ እስከ 450 ሄዱ። እያላባቸው፣ እየተንቀጠቀጡ፣ አንዳንዶቹም ከጭንቀት የተነሳ እየሳቁ። እኔም ያን ቀን እስክሪብቶ ስይዝ እጄ ላብ በላብ ነበር።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። በ1966 የወጣ ሌላ ጥናት አለ፣ ይሄኛው በቀጥታ ስለ ነርሶች ነው። አንድ የማያውቁት "ዶክተር" በስልክ ለበሽተኛ 20 ሚሊግራም መድኃኒት ስጪ ይላል። ዕቃው ላይ ደግሞ በቀን ከ10 እንዳይበልጥ ተብሎ ተጽፏል። በስልክ ትእዛዝ መድኃኒት መስጠትም በሆስፒታሉ ደንብ ክልክል ነው። ከ22 ነርሶች 21ዱ አዘጋጅተው ወደ በሽተኛው ሲሄዱ ነው እንዲቆሙ የተደረገው። (መድኃኒቱ ጉዳት የሌለው ነበር፣ አትደንግጪ።) ሌሎች ነርሶች እንዲህ ብትታዘዙ ምን ታደርጋላችሁ ተብለው ሲጠየቁ ግን አብዛኞቹ በፍጹም አንሰጥም ነው ያሉት። ወንበር ላይ ቁጭ ብሎማ ማን አይጀግንም!

ደግሞ በ1977 ሌሎች ተመራማሪዎች ነገሩን ለወጥ አድርገው ሞከሩት። መድኃኒቱ ነርሶቹ በደንብ የሚያውቁት ቫሊየም ሆነ፣ ጓደኛ ማማከርም ይችሉ ነበር። ከ18ቱ የታዘዙት 2 ብቻ ናቸው። ሚልግራምም ዘንድ እንደዚሁ ነው፦ አብረው የተቀመጡ ሁለት ሰዎች "እኛ አንቀጥልም" ብለው ሲነሱ፣ እስከ 450 የሄዱት ከ40ው 4ቱ ብቻ ሆኑ። ይሄን ሳነብ ደጋግሜ ያሰብኩት ያን ቀን ከጎኔ ባለው ጠረጴዛ የነበረውን የሥራ ባልደረባዬን ነው። "ና እስቲ ይሄን እይልኝ" ብለው ኖሮ ምን ይል ነበር? አልጠየቅኩትም። ኋላ ስንገናኝ እሱም ሁለት ጊዜ እንዲሁ ፈርሞ እንደነበር ነገረኝ።

ስለዚህ ሐኪሙን ተጣይው አልልሽም፤ አንቺ ገና አዲስ ነሽ፣ እሱም ምናልባት ለሠላሳ ስድስት ሰዓት አልተኛም። ግን ዶዙ ግራ ሲያጋባሽ ስልኩን "አንድ ደቂቃ" ብለሽ ያዢና አብራሽ ተረኛ የሆነችውን ጥሪያት፤ ካርዱን አብራችሁ እዩት። ከጮኸም ለሁለታችሁ ይጩህ።

እናትሽ በሶና ቆሎ በሁለት ፌስታል ከፍላ ልካለች። አንደኛው አብራሽ ለምታድረው ልጅ ነው።

አባትሽ