ሴቷን ቀይሩልኝ ከማለታችሁ በፊት፦ ድንክ ሲክሊድ ለሚያራቡ ደንበኞቻችን

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ድንክ ሲክሊድ (በአኳሪየም የሚያዙ ትንንሽ ዓሦች) ከወሰዱ ደንበኞቻችን የሚደርሰን አቤቱታ አነጋገሩ ይለያይ እንጂ ፍሬ ነገሩ አንድ ነው። «ማታ እንቁላሉን አይቼው ነበር፤ ጠዋት ስነሳ ድራሹ የለም። ሴቷን ቀይሩልኝ።» መልሳችን ብዙ ጊዜ «ለጊዜው አንቀይርም» የሚል ነው። ይህ መልስ ብቻውን ሲሰማ ደረቅ እንደሚሆን ስለሚገባን ምክንያታችንን በዝርዝር ልንጽፍላችሁ ወደድን። በዚያውም ከድንክ ሲክሊዶች አንዱ የሆነውን አፒስቶግራማን የምንሸጥበት አሠራር ለምን እንደተለወጠ እናስረዳለን።

በመጀመሪያ ደረጃ፣ የጠፋ የመሰለ እንቁላል ሁሉ አልጠፋም። የአፒስቶግራማ እንቁላል በ26 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ውስጥ ይፈለፈላል። የተፈለፈለው ጫጩት ገና መዋኘት አይችልም፤ ሆዱ ላይ የአስኳል ከረጢቱን እንደተሸከመ፣ እናትየው እንቁላል የጣለችበት ትንሽ ዋሻ ወለል ላይ ሆኖ ጅራቱን ያርገበግባል። እናትየው ቦታው ካላማራት ደግሞ አንድ በአንድ በአፏ እያነሳች ወደቆፈረችው ሌላ ጉድጓድ ታዛውራቸዋለች። በዚህ ጊዜ ዋሻውን ገልብጦ የሚያይ ሰው የሚያገኘው እንቁላሉ ተጣብቆበት የነበረውን ጣሪያ ባዶውን ነው። ይባስ ብሎ ሲገለብጠው ጫጩቶቹን ይበትናቸዋል፤ ያን ጊዜ በእርግጥም ይጠፋሉ። እናትየው አሁንም ደማቅ ቢጫ ለብሳ ከደጃፏ የማትርቅ ከሆነና የቀረባትን ሁሉ የምታባርር ከሆነ፣ ልጆቿ አሉ ማለት ነው። እንቁላሉ ከተጣለበት ቀን አንሥቶ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ቀን ታገሡ። ጫጩቶቹ መዋኘት ሲጀምሩ ራሷ እየመራች ታወጣቸዋለች።

እንቁላሉ የምር ከጠፋ ደግሞ መጀመሪያ የምንጠይቀው ስለ እናትየው ሳይሆን ስለ ጎረቤቶቿ ነው። ሲክሊድ ልጆቿን የምትጠብቀው በዓይኗ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ጥበቃዋም አብሮ ይጠፋል። ኮሪዶራስና አንሲስትረስ የሚባሉትን የወለል ዓሦች ግን ጨለማ አያግዳቸውም። ኮሪዶራስ በጢሙ እየዳሰሰ ወለሉን ሲያስስ ያድራል፤ ሰውነቱ በጋሻ የተሸፈነ ስለሆነም እናትየው ብትጋጨው ብዙም አይጎዳ። ማታ ታይቶ ጠዋት የታጣው እንቁላል አብዛኛውን ጊዜ የእነዚህ እራት ሆኗል። ሁለቱንም እኛው እንሸጣቸዋለን፤ የተለያዩ ዓሦች አብረው ለሚኖሩበት የማኅበረሰብ አኳሪየም እንዲህ ያለ ጨዋ ዓሣ አይገኝም። መራቢያ ገንዳ ውስጥ ግን ቦታ የላቸውም። አብሮ የሚኖር ዓሣ ካስፈለገ ከውሃው ወለል ይልቅ ከላይ የሚውሉ፣ እንደ ፔንስልፊሽ ያሉ ትንንሽና እርጋታ ያላቸው ዓሦች ይሻላሉ። እነሱ ከላይ ሲንቀሳቀሱ ስታይ እናትየው አካባቢው ሰላም መሆኑን ትረዳለች፤ ከተደበቀችበትም ቶሎ ትወጣለች። እንቁላል በተጣለ ሰሞን ክፍሉ ውስጥ ደብዛዛ መብራት ማሳደርም ይረዳል።

ጎረቤት በሌለበት ገንዳ እንቁላሉን የምትበላው እናትየው ራሷ ልትሆን ትችላለች። ለመጀመሪያ ወይም ለሁለተኛ ጊዜ የምትጥል ወጣት ሴት እንዲህ ማድረጓ የተለመደ ነው። በወንዱ ዘር ያልዳበረ እንቁላል ደግሞ ብዙ ሳይቆይ ይነጣል፤ ሻጋታ ይይዘዋል፤ እናትየው ወደ ሌላው እንዳይዛመት እየለቀመች ታስወግደዋለች። ጤናማና በደንብ የበላች ሴት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እንደገና ስለምትጥል፣ ሦስት አራት ዙር ሳታዩ አትፍረዱባት። ብትቀይሯትም አዲሷ የምትገባው እዚያው ውሃ ውስጥ ነው።

ውሃውን ካነሳን አይቀር ትንሽ እንቆይበት። «የሲክሊድ ውሃ» የሚባል አንድ ነገር የለም። ራም የሚባለው ድንክ ሲክሊድ የመጣው ከቬኔዝዌላና ከኮሎምቢያ ሜዳዎች፣ ከኦሪኖኮ ተፋሰስ ሞቃት ውሃ ነው፤ ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ይፈልጋል። አፒስቶግራማ ቦረሊ ደግሞ የደቡቡ የፓራጓይ ወንዝ ተፋሰስ ዓሣ ስለሆነ ከ22 እስከ 25 ዲግሪ ይበቃዋል። ሁለቱን አንድ ገንዳ ውስጥ ያኖረ ሰው ከሁለት አንዱን ሁልጊዜ እየበደለ ነው። የምዕራብ አፍሪካው ክሪቤንሲስና የአማዞኑ አፒስቶግራማ ካካቱዊደስ ከሁሉም ይልቅ ታጋሾች ናቸው፤ ማዕድን በመጠኑ በበዛበት ውሃም ይራባሉ። ለጀማሪ ሁልጊዜ እነዚህን ሁለቱን የምንመክረው ቀለማቸው ስላማረን ብቻ አይደለም። ራምና አፒስቶግራማ አጋሲዚ ግን ካልሲየምና ማግኒዚየም በበዛበት ውሃ ለዓመታት በጤና ኖረው እንቁላላቸው ዙር በዙር ሊከሽፍ ይችላል። የዓሣው ደኅና መሆን የእንቁላሉን ደኅንነት አያረጋግጥም።

እንዲህ ያለ ውሃ ያላችሁ ደንበኞች ፒኤች (የውሃ አሲዳማነት መለኪያ) የሚያወርድ ፈሳሽ ልትጠይቁን ትመጣላችሁ። መደርደሪያችን ላይ አለ፤ ለዚህ ሥራ ግን አትግዙት። ውሃው ውስጥ ያለው ካርቦኔት ፒኤቹን መልሶ ወደ ላይ ይጎትተዋል፤ እናንተም መልሳችሁ ታወርዱታላችሁ፤ ዓሣውን ከቁጥሩ ይልቅ የሚጎዳው ይህ መውጣትና መውረድ ነው። የሚሻለው በሪቨርስ ኦስሞሲስ (ማዕድኑን በሚያስቀር ስስ ማጣሪያ) የተጣራ ውሃ ከቧንቧው ውሃ ጋር እየቀላቀሉ ማዕድኑን መቀነስ ነው። ማዕድኑ ሲቀንስ ፒኤቹ ያለ ግፊት ወደ ታች ይወርዳል። የደረቀ የኦክ ወይም የካታፓ ቅጠል ወለሉ ላይ ጣል ብታደርጉበት ከቅጠሉ የሚወጣው ታኒን ውሃውን ሻይ ያስመስለዋል። የቅጠሉ ትልቁ ጥቅም ግን ሌላ ነው፤ ላዩ ላይ የሚበቅሉትን ረቂቅ ሕዋሳት ጫጩቶቹ ቀኑን ሙሉ ይለቅሟቸዋል።

«ሁሉም ወንድ ሆኑብኝ» የምትሉም አላችሁ። ይህም የወላጆቹ ችግር አይደለም። በብዙ የአፒስቶግራማ ዝርያዎች ጾታን የሚወስነው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያለው የውሃ ሙቀት ነው፤ ሙቀቱ ከፍ ሲል ወንድ ይበዛል፣ ዝቅ ሲል ሴት ይበዛል። «ቶሎ ይደጉልኝ» ብሎ ሂተሩን (የውሃ ማሞቂያውን) 29 ወይም 30 ላይ ያደረገ ሰው ወንድ በወንድ ቢሆንበት አይግረመው፤ 26 አካባቢ ያዙት። በክሪቤንሲስ ዘንድ ደግሞ ፒኤቹ ነው ወሳኙ፤ ውሃው ይበልጥ አሲዳማ ሲሆን ወንዱ ይበዛል።

ስለ ዋሻ ብዙ አንልም። ሴቷን የሚያስገባ፣ ወንዱን ግን የሚያጨናንቅ ጠባብ በር ይኑረው፤ ከሴቶቹ ቁጥር በለጥ ያሉ ዋሻዎች አስቀምጡ፤ የተሰነጠቀ የሸክላ ማሰሮም ሆነ የኮኮናት ቅርፊት ይሆናል። ራም ዋሻ አይፈልግም፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በግልጽ ይጥላል።

ይልቅ ብዙዎቻችሁ ሳታውቁት የምታጡት አባትየውን ነው። እናትየው እንቁላል ከጣለች በኋላ፣ ከመጣሏ በፊት ታባብለው የነበረውን ወንድ እንደ ጠላት ልታየው ትችላለች። በመጠን እጥፍ ቢበልጣትም 60 ሴንቲ ሜትር በማይሞላ ገንዳ ውስጥ የሚሸሽበት የለውም። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ክንፎቹ ተሸርክተው፣ ቀለሙ ገርጥቶ፣ ከሂተሩ ጀርባ ወደ ውሃው ላይኛ ክፍል ተለጥፎ ታገኙታላችሁ። እንዲህ ካያችሁት ሳትውሉ ሳታድሩ አውጡት፤ ልጆቹን ለማሳደግ እሷ ብቻዋን ትበቃለች። ይህ ምክር ግን ለራምና ለክሪቤንሲስ አይሠራም። እነሱ ተጋግዘው ስለሚያሳድጉ አንዱን ብታወጡ ጥበቃው ይላላል።

ጫጩቶቹ ዋኝተው ከወጡ በኋላ ደግሞ ብዙ ሰው የሚከስረው በምግብ ነው። የተፈጨ ደረቅ ምግብ ብቻ በመስጠት ጥሩ ውጤት አይገኝም፤ የማይንቀሳቀስ ነገር ብዙም አይስባቸውም፣ የተረፈውም ውሃውን ያበላሻል። አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ (ደቃቅ የጨው ውሃ ሽሪምፕ) ያስፈልጋችኋል። በአንድ ሊትር ውሃ ከ25 እስከ 30 ግራም ጨው አሟሙና የአርቴሚያውን እንቁላል ጨምሩበት፤ ከ26 እስከ 28 ዲግሪ አድርጉት፤ አየር በኃይል ይግባበት፤ መብራትም አይለየው። በ24 ሰዓት ገደማ ይፈለፈላል። አየሩን ዘግታችሁ ጥቂት ደቂቃ ስትጠብቁ ባዶው ቅርፊት ይንሳፈፋል፤ ብርቱካናማዎቹ አርቴሚያዎች መብራት ወዳለበት አቅጣጫ ከታች ይሰበሰባሉ። በቀጭን ቱቦ ስባችሁ፣ በጥቅጥቅ ወንፊት አጥልላችሁ፣ ጨዉን አጥባችሁ ስጡ። ቅርፊቱ አብሮ እንዳይገባ ተጠንቀቁ፤ ጫጩቱ ሲውጠው አንጀቱን ሊዘጋው ይችላል። መብላታቸውን ለማወቅ የእጅ ባትሪ ይበቃል፦ ከጎን ስታበሩባቸው የጠገበው ጫጩት ሆዱ ብርቱካናማ ሆኖ ይታያል፤ ሆዱ ያልቀላው አልበላም። በትንሽ በትንሹ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ስጧቸው።

ብዙ መመገብ ብዙ ቆሻሻ ስለሚያመጣ ውሃውን በየሁለት ቀኑ አሥር በመቶ ያህል ለውጡ። አዲሱ ውሃ ክሎሪኑ የወጣ፣ ሙቀቱም ከገንዳው እኩል የሆነ ይሁን፤ በአየር ቱቦ ቀስ ብሎ ይግባ። ፊልተሩ የስፖንጅ ይሁን፤ ሌላው ዓይነት ጫጩቱን ወደ ውስጥ ስቦ ያስገባዋል።

አሁን ወደ አሠራራችን እንምጣ። ከእንግዲህ አፒስቶግራማን «ጥንድ» እያልን አንሸጥም። ወጣት አፒስቶግራማዎችን በጾታ መለየት ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው። ትልቁ ወንድ እንዳያጠቃቸው ሴት መስለው የሚያድጉ ወንዶች አሉ፤ እንዲህ ያለው «ሴት» ቤታችሁ ደርሶ ክንፉን ሲያስረዝም ያስቃል እንጂ አያራባም። ጾታውም ቢለይ ሰው የመረጠው ጥንድና ዓሦቹ ራሳቸው የመረጡት ጥንድ አንድ አይደሉም። ስለዚህ ስድስት ወጣቶችን በአንድ ላይ፣ በተቻለ መጠንም ከሁለት የተለያዩ ወላጆች የተገኙትን እንሰጣችኋለን። አድገው ሲጣመሩ የቀሩትን መልሰን እንረከባችኋለን። ቶሎ እንቁላል ለማየት ለቸኮለ ሰው ይህ መንገድ ረጅም ነው፤ እንደኛ አስተያየት ግን ሌላው መንገድ ከዚህም ይረዝማል። የክሪቤንሲስ ጾታ በሴቷ የቀላ ሆድ በቀላሉ ስለሚለይ እንደበፊቱ በጥንድ ይቀጥላል።

ሁለተኛው ለውጥ ዓሣ ከመስጠታችን በፊት የውሃችሁን ምርመራ ውጤት መጠየቃችን ነው። ከዓሣ ቆሻሻ የሚመጡት መርዛማዎቹ አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ካልሆኑ ትእዛዛችሁን እናስቀምጥላችኋለን እንጂ ዓሣውን አንልክም። አዲስ ገንዳ ውስጥ እነዚህን የሚያስወግደው ባክቴሪያ ተደላድሎ እስኪሠራ ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል፤ ድንክ ሲክሊድ ደግሞ ይህን ጊዜ በገንዳው ውስጥ ሆኖ የሚያሳልፍ ዓይነት ዓሣ አይደለም።

የታመመ ዓሣ ከደረሳችሁ፣ ወይም የወሰዳችሁት ክሪቤንሲስ ሁለቱም አንድ ጾታ ሆኖ ከተገኘ ያለ ክርክር እንቀይራለን። ስለ እንቁላል መጥፋት ስትጽፉልን ግን የውሃውን ሙቀትና ፒኤች፣ አብረው የሚኖሩትን ዓሦች ሁሉ ስም፣ ስንተኛ ዙር እንደሆነና እንቁላሉ የተጣለበትን ቀን ንገሩን። ፎቶም አያይዙ። ፎቶውን ከፊት ለፊት፣ በመስታወቱ በኩል አንሱት፤ ዋሻውን አትገልብጡብን።

ከአክብሮት ጋር፣
የመደብሩ ባልደረቦች