ለእማዬ፣ ደሴ

እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ እህቴ በሩን ዘግታ ታንብብልሽ። የጎረቤት ልጅ ጠርተሽ እንዳታስነብቢ። ምክንያቱ እየቆየ ይገባሻል።

የዓይንሽን ነገር አደራ። ገንዘቡን ልኬያለሁ። ሞራው በቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ «ፋሲካ ይለፍ» እያልሽ አታዘግዪው። የግፊት ክኒንሽንም ጾም ነው ብለሽ እንዳታቋርጪ። የባለፈውን ሰምቻለሁ።

ልጆቹ አድገዋል። ትንሹ ጥርሱ ወልቆ፣ አያቴ ጣሪያ ላይ ወርውር ብላኛለች ብሎ ሲያስጨንቀኝ ዋለ። ኳስም ጀምሯል። ትልቋ አስራ ሰባት ሞላት። በቁመት እኔን ጥላኛለች፤ አረማመዷ ያንቺ ነው። ግጥም እንደምትጽፍ በስልክ ስነግርሽ «ከእኔ ወርሳ ነው» ብለሽ ነበር። እውነትሽን ነው።

መጻፍ የጀመረችው በ2014 ደሴ ስልክ የጠፋ ጊዜ ነው። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ስደውል እሷ አጠገቤ ቁጭ ብላ ትጽፍ ነበር። አሁን መድረክ ላይ ትወጣለች። እዚህ ወጣቶች ግጥም በቃላቸው ይወዳደራሉ። ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ ነው፤ ሙዚቃ አይፈቀድም። አምስት ዳኞች ከተመልካቹ መሃል ይመረጡና ከአስር ነጥብ ይሰጣሉ። ትልቁና ትንሹ ነጥብ ይጣላል። እንዲህ ያለውን ውድድር በ1980ዎቹ ቺካጎ ውስጥ የጀመረው የግንባታ ሠራተኛ የነበረ ገጣሚ ነው። እኛ አጠገብ ሳን ፍራንሲስኮ ደግሞ ዩዝ ስፒክስ የሚባል ድርጅት አለ፤ ከ1996 ጀምሮ ወጣቶችን በዚህ መንገድ ሲያስተምር ኖሯል። ቀኖቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ሕዝቡ ስንኙ ሲነካው ዝም አይልም። ለቅሶ ላይ ሴቶቹ «ወይኔ» እያሉ እንደሚቀበሉሽ ነው።

ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ቤታቸው ያልተናገሩትን እዚያ ይናገራሉ። ወንድ የሚወድ ወንድ አለ። ሴት የምትወድ ሴት አለች። አባቱ ያባረረው አለ። የአስራ አምስት ዓመት ልጅ ማይክ ጨብጦ እየተንቀጠቀጠ «እናቴ ሆይ» ሲል ሰምቼ ከወንበሬ መነሳት አቅቶኛል።

እማዬ፣ ልጄም ሴት ነው የምትወደው።

እህቴ፣ እዚህ ላይ እንዳታቆሚ። አንብቢላት።

አገር ቤት ይህ ነገር በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 እንደሚያስቀጣ አውቃለሁ። በሩን ዝጉ ያልኩት ለዚህ ነው። «ይዘሻት ነይ፣ ሳልሞት ልያት» ስትይኝም ዝም የምልሽ ለዚህ ነው። በሬዲዮ የምትሰሚውን ስድብ ግን በልጄ ላይ እንዳታደርጊብኝ። እሷ ያው ያቺው ናት፤ በስልክ «አያቴ፣ በላሽ ወይ?» የምትልሽ ናት።

አስተማሪያቸው ከእነሱ በፊት ስለነበሩት ይነግራቸዋል። እኛ ባለንበት በኦክላንድ ፓት ፓርከር የምትባል ጥቁር ገጣሚ ነበረች። ሴት የምትወድ ሴት ነበረች፤ ያንንም በአደባባይ በግጥሟ ትናገር ነበር። በ1989 በፈረንጅ አቆጣጠር በጡት ካንሰር ሞተች። ልጄ የእሷን ግጥም በቃሏ ይዛ ትዞራለች። አንድ ማታ ታዲያ «በእኛ ቤትስ ከእኔ በፊት ማን ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

ስለ ወንድምዓለም ነገርኳት።

ይኸው ስሙን ጻፍኩት። እኛ ቤት ስሙ ከተነሳ ስንት ዘመን ሆነው?

ለደሴ ሰው ሁሉ ሙሾ ያወረድሽ ሴት ነሽ። ከሐይቅ፣ ከኩታበር ሳይቀር እየመጡ ይወስዱሽ ነበር። አባትሽ ሐሙስ ማታ ወዳጃ ላይ የሼህ ጠልሃን መንዙማ ሲሉ እየሰማሽ ነው ያደግሽው፤ ቃል ከየት እንደሚመጣ ታውቂያለሽ። ሰው ፈርቶ የዋጠውን አንቺ በሙሾ ታወጪው ነበር። የዚያን የባለ መሬቱን ለቅሶ አልረሳሁም፦

ወንድሞቹ ሁሉ ደረት የሚደቁ፣
ከሣጥኑ በፊት ድንበሩን ጠየቁ።

ወንድሞቹ ፊት ነው ያልሽው! ማንም ቀና ብሎ ሊያይሽ አልደፈረም።

የወንድምዓለም ሬሳ ከአዲስ አበባ የመጣ ቀን ግን ዝም አልሽ። ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ፣ ግድግዳ ተደግፈሽ፣ አፍሽን ይዘሽ ተቀመጥሽ። ሴቶቹ አንቺ እስክትጀምሪ ጠበቁ። ሲቸግራቸው ሌላዋ ተነሳች። «ጎበዝ ነበር፣ ድምፁ ያምር ነበር» አለችና ቶሎ ጨረሰች። ያን ሁሉ ዓመት ኪነት ውስጥ ሲዘፍን የኖረ ልጅ፣ አምባሰልን ከአንቺ የተማረ ልጅ፣ በእናቱ አፍ አንድ ስንኝ ሳይባልለት ተቀበረ።

አብሮት የመጣውንም ሰው አስታውሰዋለሁ። ሬሳውን ሌሊቱን ሙሉ አጅቦ የመጣው እሱ ነው። ድንኳኑ ጠርዝ ላይ ብቻውን ተቀመጠ። ጫማው የመንገድ አቧራ እንደለበሰ ነበር። ቡና ሲዞር ሲኒው እሱን አለፈው። እኔ ንፍሮ በሰሃን ይዤለት ስነሳ በዓይንሽ መለስሽኝ። ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። አንቺም ታውቂ ነበር።

ሰው ያወራል ብለሽ እንደሆነ ይገባኛል። አባቴም ነበረ፣ ሰፈሩም ነበረ። ይገባኛል፣ ግን አልለቀቀኝም። ብቻሽን ጓዳ ገብተሽ አልቅሰሽለት ይሆናል። እኔ ግን አልሰማሁም።

እማዬ፣ አሳድገሽኛል፣ አስተምረሽኛል፣ ወርቅሽን ሸጠሽ ልከሽኛል። ይህን ቆጥሬ አልጨርሰውም። የምጽፍልሽም የልጄን ስም እንደ ወንድምዓለም ስም እንዳትቀብሪው ስለምፈራ ነው። ተቆጪ፣ አልቅሺ፣ ጸልዪ። ዝም ብቻ አትበይ።

ግጥሟ ስለ እሱ ነው። ያላየችውን አጎቷን ነው የምትጠራው። በእንግሊዝኛ ነው፤ መሃል ላይ ግን በአማርኛ «አጎቴ፣ ማን አለቀሰልህ?» ትላለች። ሦስት ጊዜ ነው የምትለው። ሦስተኛው ላይ ድምፅዋ ከፍ ይልና እንደ አንቺ ይሰበራል። አላስተማርኳትም። አዳራሹ አማርኛ ሳያውቅ አለቀሰ።

ድምፁን በእህቴ ቴሌግራም ልኬዋለሁ። ትርጉሙን ከሥሩ ጽፌያለሁ፤ እሷ ቀስ ብላ ታንብብልሽ። ከዚያ ስልኩን ጆሮሽ ላይ አድርገሽ ራስሽ ስሚው።

እሑድ ማታ እደውላለሁ። ልጄ አጠገቤ ትሆናለች። ስንኙ የላላበት ቦታ ካለ እዚህ ጋ ላልቷል በያት። አልቃሽ አያት እንዳላት ለጓደኞቿ ሁሉ ነግራለች፤ ያንቺን ፍርድ ትጠብቃለች።

ልጅሽ